ስሙን ላላወቅነው ሰው የተለቀሰ ለቅሶ

የባለቤቴ ኮት እስከዚህ ዓመት ጥቅምት ድረስ ከመኝታ ቤታችን በር ኋላ ተንጠልጥሎ ነበር። ቡናማ ኮት ነው። ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ የላይኛው ቁልፉ ከሌሎቹ አይመሳሰልም፣ እኔ ነኝ የተከልኩለት። ጥርሱን ያመው ስለነበር ቅርንፉድ ከኪሱ አይለይም ነበርና በሩን በከፈትኩ ቁጥር ሽታው ይቀበለኝ ነበር። ልጄ ሠናይት ከአዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ሁሉ የአባቷን ልብስ ለቤተ ክርስቲያን እንድንሰጥለት ትጠይቀኛለች። እውነቷን ነው፤ ለነፍሱ ነው። አርባው ወጣ፣ ሰማንያው ወጣ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ። እኔ ግን "ቆይ" እላታለሁ። ለምን ቆይ እንደምላት ራሴም አላውቀውም ነበር። በጥቅምት ወር ሠናይት "ትንሽ አየር ትቀይሪ" ብላ ጣና ዳር ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ይዛኝ ሄደች፤ እዚያ ነው የገባኝ። እሱን ለማውራት ግን ከልጅነቴ መጀመር አለብኝ።

ልጅ እያለሁ አባቴ መምህር ነበር። ቤታችን ደብረ ማርቆስ ሆኖ ሳለ እሱን ለአንድ ዓመት ወደዚያች የሐይቅ ዳር ከተማ አዛውረውት ነበር። በጥር ትምህርት ሲዘጋ እኔ እሱ ዘንድ እንድሰነብት ተወሰነ። እናቴ አራስ ስለነበረች ይዛኝ የምትሄደው አክስቴ ሆነች። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት፤ እናቴ "እታለም" ስለምትላት እኔም፣ አባቴም፣ ሰፈሩም እታለም ነበር የሚላት። አምበር አካባቢ ጤፍና ምስር እያመረተች የምትኖር፣ ረጅም፣ አጥንቷ የሰፋ፣ ስትራመድ ወንድ የምትመስል ሴት ነበረች።

እታለም የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ወደ ቄሱ፣ ቀጥሎ ወደ እታለም ይላካል ይባል ነበር። የሟቹን ዘር፣ ሙያውን፣ አመሉን፣ የሚወደውን በሬ ስም ሳይቀር በግጥም ታስገባና እንባው የደረቀውን ሁሉ ታስለቅሳለች። እኛ የሰፈር ሴቶች ልጆች ሰኞ ማክሰኞ መዝለል ሲሰለቸን ከጨርቅ አሻንጉሊት ሠርተን ለቅሶ ለቅሶ እንጫወት ነበር፤ ጠባችን ሁሉ እታለምን ማን ይሁን በሚል ነበር። አንድ ቀን ልትጠይቀን መጥታ ከኋላችን ቆማ ስታየን ቆይታ፣ የምናለቅሰው ለድመት ነው ለሰው ብላ ጠየቀችን። ለሰው ነው ስንላት "እንግዲያው ነጠላችሁን አስተካክሉ፣ ሟቹ ይታዘባችኋል" ብላን ሄደች።

ያ ግን ሙሉቀን ወደ ጦርነት ከመሄዱ በፊት ነው። ሙሉቀን የእታለም አንድ ልጅ ነው። ወጣቶች ለውትድርና በሚመለመሉበት በዚያ ዘመን ሄደ፣ ቀረም። አብሮት የዘመተ ያገሩ ልጅ ተመልሶ ከአጠገቤ ወደቀ ብሎ ተናገረ። መርዶ ነጋሪዎች በማለዳ በሯን አንኳኩ። እታለም የሚሉትን ቆማ ሰማቻቸውና "ወደቀ አላችሁ እንጂ ቀበርነው አላላችሁም" ብላ በሩን ዘጋችባቸው።

በእኛ አገር ሰው ርቆ ሄዶ ሞቶ ሬሳው ሳይመጣ ከቀረ ልብሱ አልጋ ላይ ይዘረጋል። ጋቢው፣ ሱሪው፣ ባርኔጣው፣ በትሩ፣ ሰውየው በጀርባው እንደተኛ ተደርጎ በየቦታው ይደረጋል። ምስል ይባላል። ለቀስተኛውም ዙሪያውን ቆሞ፣ ሬሳውን እንዳየ ሆኖ ያለቅሳል። ዘመድ ሁሉ ለሙሉቀንም ምስል እናውጣለት ብሎ እታለምን ለመናት። እሷ ልብሱን ሰብስባ በሳጥን ቆለፈችበትና ቁልፉን ከአንገቷ ማተብ ጋር አሰረችው። የነፍስ አባቷ ፍትሐት ሳይደረግለት፣ ተዝካሩ ሳይወጣ የልጅሽ ነፍስ መንገድ ላይ ቀረች እያሉ ቢመክሯትም ቢቆጧትም አልሰማችም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት እንደ ወጉ ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፤ ድምፅዋ ግን አይወጣም። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ለቅሶ ብድር ነው፤ ለሰው ያላለቀሰ ለራሱም የሚያለቅስለት አያገኝም። እናቴ ከእኔ ጋር ወደ ጣና የላከቻት ለእኔ ጠባቂ ፈልጋ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

አውቶብሱ ውስጥ እታለም ቀኑን ሙሉ በመስኮት ታይ ነበር። የዳቦ ቆሎ ከመቀነቷ እየፈታች ለእኔ ትሰጠኛለች፣ እሷ አትቀምስም። ሐይቁ ከሩቅ ሲታይ ሾፌሩ "ጣና ይኸው" ብሎ ጮኸ። እሷ አየችውና "ይሄን ሁሉ ውኃ ብቻቸውን ምን ያደርጉታል? ለምስራችን ቢያካፍሉን ምን ነበር" አለች። ከኋላችን የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ከተማዋ ከአንድ ረጅም መንገድና ከጥቂት መጋቢ መንገዶች በቀር ምንም አልነበራትም። ሽታዋን ግን እስካሁን አልረሳሁትም፤ እርጥብ ደንገል፣ የሚጠበስ አሳ፣ ፀሐይ የመታው ጭቃ። ታንኳዎቹን ጠዋት ጠዋት ከውኃ አውጥተው ለማድረቅ በጭራቸው ያቆሟቸዋል፤ ከሩቅ ሲያዩአቸው ተሰልፈው የቆሙ ቀጫጭን ሰዎች ይመስላሉ። አባቴ በዚህች ከተማ የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው። ከሐይቁ ዳር የነበረውን የቆየ የነጋዴ መጋዘን አጽድተው ሙዚየም አድርገውት ነበር፤ አባቴ "ቤተ መዘክር" ነው የሚለው። ዙሪያውን ደግሞ አግዳሚ ወንበር ደርድረው፣ ሾላውንና ዋርካውን ሳይቆርጡ መናፈሻ አድርገውታል። አባቴ ተማሪዎቹን ይዞ በየጊዜው ይሄዳል። እኛ በደረስን ማግስት ቅዳሜ ነበርና ንጹሕ ልብሳችንን አስለብሶ ወሰደን። በመንገድ ላይ ሙዚየም ማለት ምን እንደሆነ ለእታለም ሲያስረዳት ነበር። እሷም እሺ እሺ ትለዋለች። አባቴ ሲያስተምር ሁሉም ሰው እሺ ነበር የሚለው።

ሙዚየሙን የሚጠብቁት ጋሽ ተገኘ የሚባሉ፣ ድሮ በሐይቁ ላይ ጀልባ ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸውም እዚያው ግቢ ከጀርባ ነበር። ቆባቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ሰጡንና አስገቡን። ውስጡ ቀዝቃዛና ጨለምለም ያለ ነበር፤ የቆየ ቆዳና የአቧራ ሽታ አለው። አንድ ታንኳ ከነመቅዘፊያው መሬት ላይ ተጋድሟል። የአሳ መረብ፣ ጋሻ፣ ጦር፣ አፉ የተሸረፈ ጋን፣ የብራና መጻፊያ። ጋሽ ተገኘ እያንዳንዱን በዘንጋቸው እየጠቆሙ ይነግሩናል፤ አባቴ ደግሞ የረሱት ካለ ይጨምርበታል። እታለም ሁለቱም እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ ከኋላ ትከተላለች። እኔ ታንኳው ውስጥ ልቀመጥ ስል አባቴ በዓይኑ ከለከለኝ።

ከክፍሉ ማዕዘን አንድ የጠፍር አልጋ ነበር። አልጋው ላይ የወንድ ልብስ ተዘርግቷል። እጀ ጠባብ፣ ከሥሩ ተነፋነፍ ሱሪ፣ ላዩ ላይ ለሁለት የታጠፈ ጋቢ። ባርኔጣው ከትራሱ ላይ፣ በትሩ ከቀኝ እጅጌው አጠገብ፣ ጫማው ከእግርጌ። ያዘጋጁት ሰዎች የጥንት ሰው ምን ይለብስ እንደነበር ለማሳየት አስበው በሰው ቁመት ልክ ደርድረውታል።

እታለም ቆመች። እኔ እጇን ይዤ ስለነበር መቆሟን በእጇ ነው ያወቅኩት።

"የማን ነው?" አለች በዝግታ።

ጋሽ ተገኘ ለእንግዳ የሚሉትን ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከጣሪያ ሥር ተጠቅልሎ እንደተገኘ፣ ከዚህ አገር ልብስ በአሰፋፉ ትንሽ እንደሚለይ፣ የባለቤቱ ስም እንዳልታወቀ ነገሯት።

"ማንም መጥቶ አልጠየቀም?"

"ማንም።"

"ዘመድ የለውም?"

"ቢኖረውማ እዚህ ምን ያደርጋል፣ እመቤቴ" አሉ ጋሽ ተገኘ።

እታለም እጇን ከእጄ አላቀቀች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ለለቅሶ እንደሚለበሰው አገላብጣ ለበሰችው። አባቴ ምን ልታደርግ እንደሆነ ከእኔ ቀድሞ ገባው መሰለኝ፣ ፊቱ ቀላ። ጠጋ ብሎ፣ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እታለም፣ ይሄ እኮ ለቅሶ አይደለም። ሰው እንዲያየው ነው የተዘረጋው" አላት።

ፊቷን አላዞረችም። "እኛስ የምንዘረጋው ለምን መሰለህ?" አለችው።

ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተሰማው ድምፅ ወጣ። መጀመሪያ እንደ ዛገ በር ሲጥ አለ፤ አንድ ጊዜ ተቋረጠና እንደገና ጀመረ።

ስምህንም ሳላውቀው አገርህንም ሳላውቅ፣
እኔ ላንተ ላልቅስ እናትህ እስክታውቅ።

አባቴ ጋሽ ተገኘን ይቅርታ ሊጠይቅ ዘወር ሲል፣ ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመው ነበር። አባቴ ትንሽ አመነታና እሱም ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ወደ በሩ ሸሸሁ። ፈርቼ አልነበረም፤ እታለም እንደዚያ ስታለቅስ ከቅርብ አይቻት ስለማላውቅ የት መቆም እንዳለብኝ ጠፍቶኝ ነው።

የለቅሶ ድምፅ ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። መናፈሻው በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ቁናዋን አስቀምጣ መጣች። ሐይቁ ዳር ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሴቶች እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ተከተሏት፤ ነጠላ የደረበችም፣ ሻሽ ያሰረችም ነበረችባቸው። ቆሎ ሻጯ በሩ ላይ እኔን አገኘችኝና ጎንበስ ብላ ያዘችኝ።

"ማን ሞቶ ነው፣ የኔ ልጅ?"

ምን ልበላት? ስሙ አይታወቅም ልበላት? ልብሱን ተመለከትኩ፣ እታለምን ተመለከትኩ። በአፌ የመጣውን ስም በእኛ ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ያወጣው ሰው አልነበረም።

"ሙሉቀን" አልኳት። "የእታለም ልጅ።"

እታለም ሰማችኝ። ግጥሟን አቋርጣ ዞረችና አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስከምሞት አልረሳውም። "አልሞተም" ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ለእናቴም፣ ለቄሱም፣ ለዘመድም ሁሉ ያለችው እሱን ነውና። እሷ ግን እጇን ወደ አንገቷ ሰደደችና ከማተቧ ጋር የታሰረችውን ቁልፍ ጨበጠች። እንደጨበጠችም ወደ አልጋው ተመለሰች።

የኔም ልጅ ሙሉቀን በወደቀበቱ፣
ታልቅስለት አንዲት ሴት ትሁነው እናቱ።

ሴቶቹ ሙሉቀን ማን እንደሆነ፣ የት እንደወደቀ አልጠየቁም። ክብ ሠርተው ያዟት። እያንዳንዷ የራሷ ሰው ነበራትና የራሷን ስም እየጨመረች ተቀበለቻት። ያ ጠባብ ክፍል ከነጋሻው፣ ከነታንኳው ለቅሶ ቤት ሆነ።

ካበቁ በኋላ ሾላው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧት። የጋሽ ተገኘ ባለቤት የስንዴና የሽንብራ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ መጣች፤ የማታውቃትን ሴት እግዜር ያጥናሽ ብላ ከጎኗ ተቀመጠች። እታለም ከንፍሮው ስትቆነጥር አየኋት። ከቤት ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትበላ ያየኋት ያኔ ነበር። ሐይቁ ፀጥ ብሎ ነበር፤ ነጫጭ ወፎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ክንፋቸውን ያደርቃሉ። ቆሎ ሻጯ ዓይኗን እየጠረገች ወደ ጋሽ ተገኘ ዞረች።

"በዚህ በር ይሄን ያህል ዘመን ቆሎ ስሸጥ አንድ ቀን ግቢ ያለኝ የለም። ዛሬ ለቅሶ አስገባኝ።"

"ነገም ግቢ፤ ታንኳውን በደንብ አላየሽውም" አሏት።

"ባሌ ታንኳ ነው የሚሠራው። ለታንኳማ ከቤቴ ምን አስወጣኝ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እታለምም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ፈገግ አለች። አባቴ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሙዚየም አንድም ነገር አላስረዳም።

ወደ አገሯ እንደተመለሰች እታለም ሳጥኑን ከፈተችው። የሙሉቀን ልብስ በወጉ ተዘረጋ፤ ተለቀሰለት፣ ፍትሐቱ ተደረገ፣ ተዝካሩም ወጣ። እናቴ አራስ ልጇን አዝላ ሄዳ ነበርና ስትመለስ እታለም በዚያ ቀን ከጎጃም ሴት ሁሉ በላይ እንዳለቀሰች፣ ማታ ደግሞ እንደ ሰው በልታ እንደተኛች ነገረችን። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ለሰው ስታለቅስ ኖረች። ሙሉቀን አልተመለሰም።

ሠናይት በጥቅምት ወደዚያች ከተማ የወሰደችኝ ይህን ታሪክ ሳታውቅ ነው። ሙዚየሙ አሁን ቀለም ተቀብቷል፤ መብራት አለው፣ መግቢያው ላይ ቲኬት የሚቆርጡ አሉ። መናፈሻው ውስጥ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ሾላው ግን እዚያው ነው። የጠፍር አልጋው በመስታወት ተከልሎ አገኘሁት። ጋቢው ቀለሙን ለቋል፤ በትሩ ከእጅጌው አጠገብ እንደነበረው ነው። ከሥሩ የተጻፈው "ባለቤቱ ያልታወቀ" ይላል። ነጠላዬን አገላብጬ መልበሴን ያወቅኩት የምታስጎበኘው ወጣት ሴት ጠጋ ብላ ስትጠይቀኝ ነው።

"እማማ፣ ይቅርታ፣ ዘመድዎ ናቸው እንዴ?"

"አዎ" አልኳት። "አልቅሰንለታል።"

መስታወቱ ፊት ቆሜ ያሰብኩት ግን ስለ ባለቤቴ ነበር። እሱ ያረፈው አዲስ አበባ ሆስፒታል ነው። ወደ ማርቆስ ያመጣነው በታሸገ ሳጥን ነው፤ በወጉም ተቀብሯል፣ የጎደለበት ነገር የለም። ድንኳን ተጣለ፤ እድሩ ወንበሩን ደረደረ። ፎቶው በትልቅ ባነር ታትሞ ተሰቀለ፤ የሕይወት ታሪኩ በማይክሮፎን ተነበበ። ሰው ውኃ በላስቲክ እየጠጣ አዘነልኝ፣ ደግ ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሳ። እኔ በዚያ ሁሉ መካከል ባነሩ ላይ ያለውን ሰው ሳየው ነበር። ፎቶው ከጡረታ በፊት የተነሳው፣ ክራቫት ያሰረበት ነው። እኔ የማውቀው ሰውዬ ክርኑ የሳሳ ኮት ነበር የሚለብሰው። እሱን ገና አላለቀስኩትም ነበር።

ማርቆስ የገባን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኮቱን ከሚስማሩ አወረድኩ። አልጋው ላይ፣ እሱ በሚተኛበት በኩል ዘረጋሁት። ሱሪውን ከሥሩ፣ መነጽሩን ከትራሱ ላይ፣ ጫማውን ከእግርጌ አደረግኩ። ከኪሱ የቀረችውን ቅርንፉድ አልነካሁም። ከዚያ ተቀመጥኩና ድምፄ እንደ ዛገ በር ሲጥ አለ። ሠናይት ደንግጣ መጣች። በሩ ላይ ቆመች፤ ልብሱን አየች፣ እኔን አየች። ምስል ሲወጣ አይታ አታውቅም፤ ግጥምም አታውቅም። ግን ምንም አልጠየቀችኝም። ነጠላዋን ከሌላው ክፍል አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና "አባዬ" ብላ ጀመረች።

በእኛ ልጅነት የማያውቁት ሰው ለቅሶ ሲሰማ ልብስ አጣቢዋ ልብሷን ትታ ትመጣ ነበር። ዛሬ የኛን የሰማ ጎረቤት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ አጥሩም ከፍ ብሏል፣ ሰውም ሥራ አለው። ቢሆንም ሁለት ነበርን፤ ለእሱ በቃው።

በማግስቱ ልብሱን አጥበን፣ ተኩሰን፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠን። ሚስማሩ ባዶ ሆኖ ጥቂት ቀን ቆየ። አሁን ነጠላዬን እሰቅልበታለሁ፤ ስለብሰው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይለኛል።